ፓወር ሜትር ላይ ሴትፖይንትና ትሪገር እንዴት ይሞላል፣ ጣና ዳር ከገጠመኝ ጋር

ሰላም ወገን። ሰሞኑን ባህር ዳር ውስጥ የሚሰሩ ሶስት አራት ልጆች በየተራ ደውለው አንድ አይነት ነገር ጠየቁኝ፣ "ፓወር ሜትሩን ገዝተን ቦርዱ በር ላይ ሰቅለነዋል፣ ቮልት ያሳያል አምፔር ያሳያል፣ ግን አላርሙን ምን ብለን እንሙላው?" ነው ነገሩ። ለሁሉም በየስልኩ ከምለፈልፍ አንዴ ቁጭ ብዬ ልፃፈው አልኩ፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ስለየትኛው ሜትር እንደማወራ መጀመሪያ ይታወቅ። የመብራት ሃይል ቆጣሪ አይደለም፣ እሱ የታሸገ ነው አይነካም። የማወራው ከሜን ብሬከሩ በኋላ ራሳችን የምንሰቅለው፣ ባለ ሶስት ፌዝ፣ በሲቲ (ኬብሉን ከቦ ከረንቱን አሳንሶ ለሜትሩ በሚሰጥ ቀለበት) የሚለካ፣ ሎግ (መዝገብ) የሚይዝና ቢያንስ አንድ ሁለት የሪሌይ፣ ማለት በትእዛዝ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ፣ መውጫ ያለውን ነው። ሴትፖይንት ማለት "ይሄ ነገር እዚህ ጋ ሲደርስ ንቃ" ብለን የምንሰጠው ገደብ ነው፣ ትሪገር ደሞ ገደቡ ሲነካ ሜትሩ የሚተኩሰው ትእዛዝ፣ ሪሌይ መክፈት ሊሆን ይችላል፣ ሎግ መመዝገብ ሊሆን ይችላል፣ ዌቭፎርም (የሞገዱን ቅርፅ) መያዝ ሊሆን ይችላል። ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር የተበላሁት።

የኔን ስህተት ልናገርና ከዛ ወደ አሰራሩ እንሂድ

ሐይቁ ዳር ያለች አንድ ሆቴል አሳ የምታስቀምጥበት ኮልድ ሩም አላት። ቀረሶውም አምባዛውም ጠዋት ከጀልባ ይገዛል፣ ከተበላው የተረፈው እዛ ይገባል። ኮምፕሬሰሩ በቮልቴጅ ማነስ ሁለቴ ተቃጥሎባቸው ነው የጠሩኝ። እኔም ሜትሩን ሰቅዬ "ከ207 ቮልት ሲወርድ ሪሌዩ ይቁረጥ" ብዬ ሞላሁና ሻዬን ጠጥቼ ሄድኩ። 207 ከየት መጣ ካላችሁ የ230 ዘጠና ፐርሰንት ነው፣ የታወቀ ቁጥር ነው። ድሮፕአውቱን፣ ማለት መልሶ የሚለቅበትን ቁጥር፣ እዛው 207 ላይ ተውኩት፣ ዲሌዩን (የመቆያ ጊዜውን) ዜሮ።

ማታ 1 ሰዓት አካባቢ፣ ሰው ሁሉ መብራቱንም ምጣዱንም በሚለኩስበት ሰዓት፣ የጥበቃው ጋሼ ደወሉ። "ልጄ፣ ያ የሰቀልከው ነገር ጧ ጧ ጧ እያለ ነው፣ ሊፈነዳ ነው መሰለኝ" አሉኝ። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ቮልቴጁ 205 ይወርዳል፣ ሜትሩ ይቆርጣል፣ ጭነቱ ሲለቀቅ ቮልቴጁ 209 ይመለሳል፣ ሜትሩ "በቃ ደህና ነው" ብሎ መልሶ ይለቃል፣ ኮምፕሬሰሩ እንደገና ሊነሳ ይሞክራል፣ እንደገና 205። ኮንታክተሩ፣ ማለት ሪሌዩ የሚያዘው ኮምፕሬሰሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ትልቁ ማብሪያ፣ ያንን ነው እንደ ማሽን ጠመንጃ የሚተኩሰው። ልጠብቀው የሰቀልኩት ነገር ራሱ ሊያቃጥለው ነበር። "ጋሼ ብሬከሩን ወደታች ያርጉልኝ" አልኳቸውና ባጃጅ ይዤ በረርኩ። አሳው ተርፏል፣ እኔ ግን ከሆቴሏ ባለቤት ከእትዬ ፊት የምገባበት ጠፍቶኝ ነበር።

እና ከዛ ማታ ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይሄን ነው፦ ሴትፖይንት አንድ ቁጥር አይደለም፣ አራት ቁጥር ነው። መቼ ይያዝ፣ ምን ያህል ጊዜ ከቆየ ይያዝ፣ መቼ ይልቀቅ፣ ምን ያህል ጊዜ ከቆየ ይልቀቅ። አራቱንም ካልሞላችሁ ምንም አልሞላችሁም።

ሜኑ ከመንካታችሁ በፊት

ሲቲውን እዩ። የሲቲ ሁለተኛ ወገን፣ ማለት ወደ ሜትሩ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ፣ ዋናው ኬብል ላይ ከረንት እየሄደ እያለ በፍፁም አይከፈትም። ከተከፈተ ጫፉ ላይ ገዳይ ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ ሲቲውም ይቃጠላል። ሽቦ መንካት ካለባችሁ ወይ ሜን ብሬከር አውርዱ ወይ ሾርት ማድረጊያ ተርሚናሉን አስቀድማችሁ እሰሩ። ይሄ ቀልድ የለውም።

ከዛ ሬሾው። ሲቲው ላይ 200/5 ተፅፎ ሜትሩ ውስጥ 100/5 ከተሞላ ሁሉም አምፔርና ኪሎዋት ግማሽ ሆኖ ነው የሚታየው፣ በዛ ላይ የምትሞሉት ሴትፖይንት ሁሉ ውሸት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ክላምፕ ሜትር ይዛችሁ ሶስቱንም ፌዝ ለኩና ከስክሪኑ ጋር አመሳክሩ። ቀጥሎ ኪሎዋቱን በየፌዙ ተመልከቱ፣ አንዱ ኔጌቲቭ ከሆነ ሲቲው ተገልብጦ ገብቷል። ጭነቱ እኩል የተከፋፈለ ከሆነ አንድ የተገለበጠ ሲቲ ጠቅላላ ኪሎዋቱን ወደ ሲሶ ያወርደዋል፣ አንድ ጊዜ "የኛ ሜትር ቁጠባ ያሳያል" ብሎ ደስ ያለው ሰው አውቃለሁ፣ ደስታውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ፍሪኩዌንሲ 50፣ ሲስተሙ ባለ አራት ሽቦ ዋይ (ሶስት ፌዝና ኒውትራል)፣ ኖሚናል ቮልቴጅ። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በሉ። አንዳንዱ ዕቃ ላይ 220/380 ተፅፏል፣ አንዳንዱ ላይ 230/400። ሜትሩ ገደቡን በፐርሰንት የሚጠይቃችሁ ከሆነ የ220 ዘጠና ፐርሰንት 198 ነው፣ የ230 ደሞ 207፣ ዘጠኝ ቮልት ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለዚ መነሻችሁ የምትጠብቁት ዕቃ ላይ የተለጠፈው ፕሌት ይሁን፣ የኮምፕሬሰሩን፣ የሞተሩን ፕሌት አንብቡ።

ሰዓቱስ? ይሄን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ሜትሩ በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው የሚቆጥረው፣ የሰዓት ዞኑን ፕላስ 3 አድርጉት። የጥበቃው ደብተር ላይ ግን "ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት መብራት ተንቀጠቀጠ" ተብሎ ነው የሚፃፈው። ሜትሩ ላይ እሱ አርብ 02:00 ነው። ስድስት ሰዓቱን መቀነስ ሁሉም ይችላል፣ ቀኑ ላይ ነው የሚሳሳቱት፣ ሐሙስ ለአርብ አጥቢያ የሚባለው ለሜትሩ አርብ ሆኗል። እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሐሙስን ሎግ ሳገላብጥ ምንም አጥቼ ጋሼን በሆዴ አምቼ አውቃለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር።

አንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ መዝግቡ

አሁን ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ አላርም ለመሙላት እጃችሁ ይበላችኋል፣ ተዉት። መጀመሪያ ዳታ ሎጉን በየ10 ወይም 15 ደቂቃው የሶስቱን ፌዝ ቮልቴጅ፣ ከረንት፣ ጠቅላላ ኪሎዋትና ፓወር ፋክተር (ከሚሳበው ሃይል ምን ያህሉ ስራ ላይ እንደዋለ የሚያሳይ ቁጥር) እንዲይዝ ሙሉና ቢያንስ ሰባት ቀን ተዉት። ሚኒመም ማክሲመሙን ሪሴት አርጋችሁ ጀምሩ። ሰባት ቀን የምለው ቅዳሜ ገበያም እሁድም ስለሚገባ ነው።

በዛች ሆቴል በሳምንቱ የታየው ትንሹ 198 ቮልት ትልቁ 239 ነበር። ትንሹ የማታ ነው፣ ትልቁ ደሞ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ለሊት፣ ጭነት ሲቀንስ ቮልቴጅ ከፍ ይላላ። ይሄን ሳታዩ 207 ላይ ፒክአፕ (መያዣ) ብትሞሉ በየማታው ይጮሃል፣ በየማታው የሚጮህ አላርም ደሞ በሶስተኛው ቀን አንድ ሰው ሽቦውን ይነቅለዋል። አደራ ይሄን የምለው ስለማውቀው ነው።

ወቅትም አለው ባይ ዘ ወይ። ሁዳዴ ላይ አሳ ፈላጊው ይበዛል፣ ኮልድ ሩሙ ይሞላል፣ በሩ ሰላሳ ጊዜ ይከፈታል፣ መጋቢትና ሚያዝያ ደሞ ከተማው ይሞቃል። ኮምፕሬሰሩ ከጥቅምት ይልቅ ረጅም ሰዓት ይሰራል። በጥቅምት ሳምንት የያዛችሁትን ዲማንድ (የጭነት አማካይ) ይዛችሁ አመቱን ሙሉ አትኑሩ።

አራቱን ቁጥር መሙላት

ስማቸው ከሜትር ሜትር ይለያያል። አንዳንዱ አላርም ይላል አንዳንዱ ሴትፖይንት አንዳንዱ ሊሚት። ብዙ ሜትር ፒክአፕ፣ ፒክአፕ ዲሌይ፣ ድሮፕአውት፣ ድሮፕአውት ዲሌይ ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ እሱ ግልፅ ነው። ሌላው ደሞ ሃይ ሊሚትና ሎው ሊሚት ይልና ከዛ "ሲበልጥ ነው ወይስ ሲያንስ" ብሎ ይጠይቃል፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። "ሲበልጥ" ብላችሁ ከመረጣችሁ ሃይ ሊሚቱ መያዣ ነው ሎው ሊሚቱ መልቀቂያ፣ "ሲያንስ" ካላችሁ ይገለበጣል፣ ሎው ሊሚቱ መያዣ ሃይ ሊሚቱ መልቀቂያ።

አገባቡ ያው ነው፣ ሴትአፕ፣ ፓስወርድ፣ አላርም፣ ከዛ ከዝርዝሩ የምትፈልጉትን መርጣችሁ ኢኔብል። ከፋብሪካ የመጣውን ፓስወርድ ቀይሩትና ቁጥሩን ፃፉት፣ ግን ቦርዱ በር ላይ አይደለም።

ለኮልድ ሩሙ መጨረሻ ላይ የቆየነው በዚህ ነው፦

ፒክአፕ 200 ቮልት፣ ፒክአፕ ዲሌይ 5 ሰከንድ
ድሮፕአውት 210 ቮልት፣ ድሮፕአውት ዲሌይ 300 ሰከንድ

አንድ በአንድ ላስረዳ። 200 የመጣው ከኮምፕሬሰሩ ፕሌትና ከሳምንቱ ሎግ ነው። 5 ሰከንዱ ኮምፕሬሰሩ ራሱ ሲነሳ የሚያመጣው የአፍታ መውረድ እንዲያልፍ ነው፣ ሞተር ሲነሳ ከሚሰራበት ከአምስት ስድስት እጥፍ በላይ ከረንት ይስባል፣ ያ ጥፋት ሳይሆን ባህሪው ነው። በመያዣና በመልቀቂያ መሀል ያለው 10 ቮልት ሂስተሪሲስ ይባላል፣ የኔን የጧ ጧ ችግር የገደለው እሱ ነው። ለቮልቴጅ ድንገተኛ መውረድ መመዝገቢያ በአለም አቀፉ የአለካክ ስታንዳርድ የተለመደው ሂስተሪሲስ 2 ፐርሰንት ነው፣ ማለት ከ230 ወደ 4.6 ቮልት። ለመመዝገብ እሱ ይበቃል፣ ሞተር ለሚቆርጥ ሪሌይ ግን እኔ ሰፋ አደርገዋለው፣ ጭነቱ ሲለቀቅ ቮልቴጁ በስንት እንደሚዘል ለኩና ከዛ በላይ አድርጉት። በኛ አራት ቮልት ይዘል ነበር፣ ከ205 ወደ 209፣ ስለዚ 10 አስተማማኝ ነው።

300 ሰከንዱስ? እሱ የማቀዝቀዣ ነገር ነው። ኮምፕሬሰር ከቆመ በኋላ በሁለቱ ወገን ያለው የጋዝ ግፊት እኩል እስኪሆን ከሶስት እስከ አምስት ደቂቃ መጠበቅ አለበት፣ ሳይጠብቅ ሲነሳ ግፊቱን ተሸክሞ ነው የሚታገለው። ቤት ውስጥ ፍሪጅ ነቅላችሁ ወዲያው ስትሰኩት ግርር ብሎ የሚያቅተው እሱ ነው።

የዲሌይ ዩኒቱን ሳታዩ ቁጥር አትፃፉ። አንዳንድ ሜትር በሰከንድ፣ አንዳንዱ በሚሊሰከንድ፣ አንዳንዱ በሳይክል ነው፣ በ50 ሄርዝ አንድ ሳይክል 20 ሚሊሰከንድ ነች። 5 ብላችሁ ሞልታችሁ 5 ሳይክል ከሆነ አንድ አስረኛ ሰከንድ ማለት ነው፣ ተመልሰን ጧ ጧ።

ሌላ የሚረሳ ነገር፣ መብራት ጨርሶ ሲሄድ ሜትሩም አብሮ ይሞታል፣ ያን የ300 ሰከንድ ቆጠራም ይረሳዋል። ሰፈሩ "መጣአአ!" ብሎ ሲጮህ፣ ሁሉም ነገር በአንዴ ሲነሳና ቮልቴጁ ወዲህ ወዲያ ሲል ነው ዋናው አደጋ። ስለዚ ከኮንታክተሩ ጋር ለብቻው ኦን ዲሌይ ታይመር (መብራት ከመጣ በኋላ ጊዜ ቆጥሮ የሚያበራ) ጨምሩ፣ ርካሽ ነው። ሪሌዩንም ሜትሩ ሲሞት ኮንታክተሩ እንዲከፈት አርጋችሁ እሰሩት፣ ሜትሩ ደህና ሲሆን ብቻ የተዘጋ፣ ሌላ ጊዜ ሁሉ የተከፈተ።

ትሪገሩን ከምን ጋር እናገናኘው

አላርሙ ሲያዝ ምን ይሁን? ሁሉንም አላርም ከሪሌይ ጋር አታገናኙ፣ ልመናዬ ነው። እኔ በሶስት እከፍለዋለው። ዝቅተኛው ሎግ ብቻ ነው፣ ማንም አይረበሽም፣ በወሩ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ለማየት። መካከለኛው ደወል ወይም መብራት፣ ሰው መጥቶ እንዲያይ። ከፍተኛው ደሞ የሚቆርጠው ነው፣ እሱ በአንድ ቦርድ ላይ ሁለት ከበዛ ሶስት ቢሆን ነው። ሜትሩ ፕራዮሪቲ ከጠየቃችሁ ዝቅ፣ መካከል፣ ከፍ ያለው እዚህ ጋ ይገባል።

የሜትሩ ሪሌይ ትንሽ ነው፣ የኮንታክተር ኮይል በቀጥታ አታስነሱበት፣ መሀል ላይ ረዳት ሪሌይ አስገቡ። ማኑዋሉ ላይ የሪሌዩ አቅም ስንት አምፔር እንደሆነ ተፅፏል አንብቡት። ላች የሚል ምርጫ ካለ፣ ያ ማለት ሰው መጥቶ በእጁ ካልለቀቀው እንደተያዘ ይቀራል፣ ለሚቆርጥ ነገር አንዳንዴ ጥሩ ነው፣ ለኮልድ ሩም ግን ለሊት ሰው ከሌለ አሳው ይሸታል።

እና ሌላ እውነት፣ ፓወር ሜትር የፕሮቴክሽን ሪሌይ አይደለም። ብዙዎቹ አላርማቸውን የሚያዩት በሰከንድ አንዴ ነው፣ 200 ሚሊሰከንድ ብቻ የቆየች የቮልቴጅ መውረድ አይናቸው ስር ታልፋለች። "ሜትሩ ምንም አልመዘገበም፣ ኮምፒውተሩ ግን ሪስታርት አደረገ" የሚባለው ለዛ ነው። ያንን ለመያዝ በግማሽ ሳይክል የሚያይ፣ ሳግና ስዌል (የአፍታ መውረድና መውጣት) የሚል ሜኑ ያለው ውድ ሜትር ነው የሚያስፈልገው። ለሾርት ሰርኪት ብሬከር፣ ለሞተር ኦቨርሎድ፣ ለፌዝ መጥፋት የፌዝ ሪሌይ፣ እነዚህን ሜትር አለኝ ብላችሁ አትንቀሉ።

ፌዝ ሲጠፋ

ፌዝ ሲጠፋ በአንደር ቮልቴጅ (የቮልቴጅ ማነስ) አላርም እይዘዋለሁ የሚል ሰው አለ። ሞተር እየሰራ ከሆነ ላይሳካ ይችላል። እየዞረ ያለ ባለ ሶስት ፌዝ ሞተር አንድ ፌዝ ሲጠፋበት በጠፋው መስመር ላይ ራሱ ቮልቴጅ መልሶ ያመነጫል፣ ሜትሩ ስክሪን ላይ ትንሽ የወረደ ግን ጤነኛ የሚመስል ቁጥር ታያላችሁ፣ ሞተሩ ግን በሁለት ፌዝ እየተጠበሰ ነው። የሚያጋልጠው አለመመጣጠን ነው፣ አንባላንስ።

የቮልቴጅ አንባላንስ አቆጣጠሩ፣ ሶስቱን ደምሮ ለሶስት ማካፈል፣ ከአማካዩ በጣም የራቀውን ልዩነት ለአማካዩ ማካፈል። 228፣ 221፣ 214 ከሆነ አማካዩ 221፣ ትልቁ ልዩነት 7፣ ማለት 3.2 ፐርሰንት አካባቢ። ትንሽ ትመስላለች አይደል? ግን ሞተር ላይ የቮልቴጅ አንባላንስ ከረንቱን ከስድስት እስከ አስር እጥፍ አድርጎ ነው የሚያናጋው። እኔ 2 ፐርሰንት ላይ ለ60 ሰከንድ ከቆየ ደወል፣ 5 ፐርሰንት ላይ ለ10 ሰከንድ ከቆየ መቁረጥ አድርጌ ነው የምሞላው፣ ከ5 በላይ ሞተር ማሰራት ጭራሽ አይመከርም። ከሱ ጋር የከረንት አንባላንስም ጨምሩ፣ ግን "ከረንቱ ከዚህ በላይ ሲሆን ብቻ" ከሚል ሁኔታ ጋር አያይዙት። አለበለዚያ ለሊት ሁሉም ጠፍቶ አንድ አምፖል ብቻ ስትበራ አንባላንሱ ሁለት መቶ ፐርሰንት ብሎ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ሜትሩ ሁለት ሁኔታ በአንድ ላይ የሚያገናኝ ሎጂክ አላርም ካለው እሱን ተጠቀሙ።

ዲማንድ፣ ማለት የምጣዶቹ ጉዳይ

ዲማንድ የአፍታ ኪሎዋት ሳይሆን የ15 ደቂቃ አማካይ ነው ብላችሁ ያዙት፣ የመብራት ክፍያ ቢላችሁ የሚቆጥረው በሌላ የደቂቃ ርዝመት ከሆነ ሜትራችሁን ከሱ ጋር አንድ አድርጉት። ያቺ ሆቴል ላይ ዋናው ጭነት ኤሲ አልነበረም፣ የእንጀራ ምጣድ ነው። አንዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል፣ አምስት ምጣድ በአንዴ ሲሰካ ወደ 20 ኪሎዋት ሆነ ማለት ነው፣ ያ ደሞ በትክክል ኮልድ ሩሙ በሚሞላበት ጠዋት።

ፒክአፑን ከፈቀዳችሁት ጣሪያ 85 ፐርሰንት ላይ አድርጉ። ጣሪያው የራሳችሁ ትራንስፎርመር ከሆነ ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ 200 ኬቪኤ በ400 ቮልት 289 አምፔር አካባቢ ነው፣ 85 ፐርሰንቱ 245። ትሪገሩ ምንም አይቁረጥ፣ ኩሽና ውስጥ አንድ ቢጫ መብራት ብቻ ያብራ። እንጀራ ጋጋሪዋ እታለም "ቢጫው ሲበራ ሁለቱን ምጣድ አጥፍቼ ሊጡን እጠብቀዋለው" ትላለች፣ ከዚህ የተሻለ ሎድ ማኔጅመንት የትም አላየሁም። ዲሌይ እዚህ ዜሮ ቢሆን ችግር የለውም፣ አማካዩ ራሱ ዲሌይ ነው።

ፓወር ፋክተርንና ሃርሞኒክስን (የሞገድ መዛባትን) ሎግ ላይ ብቻ አድርጉ፣ የቮልቴጅ ቲኤችዲ፣ ማለት የመዛባቱ ጠቅላላ መጠን፣ 8 ፐርሰንት የአውሮፓው ስታንዳርድ ጣሪያ ነው፣ እሱን ካለፈ ባለሙያ አስጠሩ። ጀነሬተር ካላችሁ ፍሪኩዌንሲውንም መዝግቡ፣ ሲጫን ወዴት እንደሚወርድ ያሳያችኋል።

እምቦጭና የፓምፑ ሴትፖይንት

ይሄኛው የኔ ተወዳጅ ነው። ከሐይቁ ውሃ የሚስብ አንድ የመስኖ ፓምፕ ላይ ነው የሰራነው፣ 15 ኪሎዋት ሞተር። እምቦጩ ከ2011 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ሐይቁ ላይ እንዳለ ታውቃላችሁ፣ ንፋስ ሲገፋው መጥቶ የመምጠጫውን ወንፊት ይደፍነዋል፣ ፓምፑ ውሃ አጥቶ በባዶ ይዞራል፣ ማሸጊያው (ሲሉ) ይቃጠላል። ኦቨርሎዱ አያየውም ምክንያቱም ሞተሩ ቀለለው እንጂ አልከበደውም። ስለዚ የምንፈልገው ሲያንስ የሚይዝ ሴትፖይንት ነው።

ልጆቹ በአምፔር ሊሞሉት ነበር፣ እኔ በኪሎዋት አልኩ፣ ምክንያቱን ቁጥሩ ይናገራል፦

ደህና ሲስብ 22 አምፔር፣ 12.5 ኪሎዋት
ወንፊቱ ግማሽ ሲደፈን 16 አምፔር፣ 8.1 ኪሎዋት
በባዶ ሲዞር 13 አምፔር፣ 4.5 ኪሎዋት

ከደህናው ወደ ባዶ አምፔሩ በአርባ ፐርሰንት ነው የወረደው፣ ኪሎዋቱ ግን ከስልሳ በላይ። ሞተር ሲቀለው ፓወር ፋክተሩ ስለሚበላሽ አምፔር ይዋሻል፣ ኪሎዋት አይዋሽም። ሁለት ሴትፖይንት ሞላን፣ አንዱ 9.5 ኪሎዋት በታች ለ30 ሰከንድ ከቆየ ደወል፣ መልቀቂያው 11 ላይ፣ ልጁ ሄዶ እምቦጩን በመጥረጊያ እንዲያነሳ። ሁለተኛው 6 ኪሎዋት በታች ለ10 ሰከንድ ከቆየ ይቁረጥ፣ ይሄኛው ላች ነው፣ ሰው ወንፊቱን አይቶ ካልለቀቀው አይነሳም።

ችግሩ ፓምፑ ቆሞ ሳለም ኪሎዋቱ ዜሮ ነው፣ ከ6 ያንሳል፣ ስለዚ አላርሙ ቀኑን ሙሉ የተያዘ ይሆናል። ለዛ ነው "ከረንት ከ5 አምፔር በላይ ሲሆን" የሚል ሁኔታ አብሮ የሚታሰረው። ሜትሩ ይሄን ካልቻለ የኮንታክተሩን ረዳት ኮንታክት ወደ ሜትሩ ዲጂታል ኢንፑት አስገቡና በሱ ቆልፉት። ሲነሳም ውሃው እስኪይዝ ጊዜ ስጡት፣ የኛ 10 ሰከንድ በቃው፣ ረጅም ቧንቧ ያለው ግን ሰላሳም ሊፈልግ ይችላል፣ ቆማችሁ በሰዓት ቁጠሩት።

መፈተሽ

ሞልታችሁ ሴቭ ብላችሁ አትሂዱ። አላርሙን ሳታስነሱት ከሄዳችሁ አልሞላችሁትም። እውነተኛ ችግር መፍጠር አያስፈልግም፣ ቁጥሩን ወደ ችግሩ ማምጣት ነው፣ አሁን ያለው ቮልቴጅ 224 ከሆነ የአንደር ቮልቴጁን ድሮፕአውት 245 ፒክአፑን 240 አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ፣ በ5ኛው ሰከንድ ሪሌዩ መክፈት አለበት። ከዛ ወደ 200ና 210 መልሱት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሲለቅ እዩ። በዛ አምስት ደቂቃ ሰው ይሰለችና ይሄዳል፣ አትሂዱ፣ ቡና አስፈሉ።

ኢቨንት ሎጉን ክፈቱ፣ የተያዘበትና የተለቀቀበት ሁለት መስመር መኖር አለበት፣ ሰዓቱም ትክክል። ሎጉ በአንድ ሌሊት ሁለት መቶ መስመር ከሞላ የሆነ አላርም እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ሂስተሪሲሱን ወይም ዲሌዩን አስፉት፣ ዝም ብላችሁ ዲሴብል አታርጉት። ሎጉ ሲሞላ ደሞ ብዙ ሜትር ከድሮው እየሰረዘ ነው የሚቀጥለው፣ የምትፈልጉት መስመር ሳይጠፋ ቶሎ ቶሎ በሶፍትዌር አውርዱት።

የሞላችሁትን ቁጥር ሁሉ በወረቀት ፅፋችሁ በላስቲክ ሸፍናችሁ ቦርዱ በር ውስጥ ለጥፉ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር። እኛ ከስሩ ለጋሼ በአማርኛ አንድ መስመር ጨምረናል፣ "ቀዩ መብራት ከበራ ብሬከር አይንኩ፣ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ካልጠፋ ይደውሉ"። ከዛ በኋላ ለሊት የደወሉልኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ቦርዱ ውስጥ እንሽላሊት ገብታ ነበር።